አቶ ሴፕቴምበር

ከኬፕታውን ወዲያ ሦስት ሰዓት ተጉዤ፣
ካሜራ በአንገቴ፣ ውሃ በኮዳ ይዤ፣
ደረስኩ ከጣቢያው፤ ባቡር ከማይመጣበት፣
ሣሩ ከሐዲዱ በልጦ ካደገበት።
ሁለት በር አለው። ሁለት የትኬት መስኮት።
ሁለት የውሃ ቧንቧ፣ ክንድ ያህል ተራርቀው፤
ከመሬት በታች ግን አንድ ቱቦ ነው
የሚያጠጣቸው።

አስጎብኚው አጭር ነው፤ ኮቱ ሰፊ፤ ሳል ያንቀዋል፤
የቁልፉን ዘለላ እንደ መቁጠሪያ በጣቱ ይቆጥረዋል።
«ሄንድሪክ ሴፕቴምበር» አለኝ፣ እጁን እየዘረጋ፤
ሣቅኩ። ቀልድ መስሎኝ፣
ከትኬቱ ጋር የሚመረቅ፣ ያለ ዋጋ።

አልተቀየመም። ለምዶታል።
«የቅድመ አያቴን አባት» አለ፣ «መርከብ ነው ያራገፈው፤
አገርህ የት ነው ብሎ ማንም አልጠየቀው፤
በተሸጠበት ወር ጠርተው መዘገቡት።
ጎረቤቴ ፌብሩዋሪ ነው፣ ሚስቴ የአፕሪል ቤት ልጅ ናት፤
ካላንደር ነን እኛ፤ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት።»

በእኛ ቋንቋ መስከረም ነው ልለው አሰብኩ፤
ዓመት የሚታደስበት፣ ሴት ልጅ በስሙ የምትጠራበት፤
አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።
የእኛ ወር ምርቃት፣ የእሱ ወር ደረሰኝ፣
ማስተያየቱ ራሱ ነውር መስሎ ታየኝ።

ከውስጥ አግዳሚ አለ፣ «ለነጮች ብቻ» የሚል።
ወረፋ ነው። ሁለት ልጃገረዶች ከንፈር አሹለው፣
ስልክ ከፍ አድርገው፣ ፎቶ ይነሡበታል።
እኔስ? ልዋሽ? ተቀመጥኩ።
እንጨት ነው። አይቀዘቅዝ፣ አያቃጥል።

ከመስተዋቱ ሣጥን አንድ ቢጫ እርሳስ አወጣ፤
«ዋናው አይደለም፤ ከሱቅ የገዛሁት ነው፤ ዋናው ከየት ይምጣ!
ከፀጉርህ ይሰኩታል። ከወደቀ፣ ነጭ ነህ።
ካልወደቀ፣ ያው ነህ።»
አለና ሰካብኝ።
አልወደቀም።

«እኔና እህቴ ሚና፣ ባንድ ማሕፀን ያደርን፣
ባንድ ብርድ ልብስ የተኛን፣
አንድ ቀን ከቢሮ ተጠራን።
የእሷ ወደቀ፤ ጣውላው ላይ ሦስቴ ነጠረ፤
የእኔ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ፣ ባቡሩ ሲመጣ፣ እሷ በዚያ በር የምትገባ፣
ጓንት አጥልቃ፣ ባርኔጣዋ ላይ የጨርቅ አበባ፤
እኔ በወዲህኛው።
አንድ ቀን ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሰው ይተላለፋል።
ሰዓት ጠየቀችኝ።
አሥር ከሩብ ነው፣ እመቤቴ፣ አልኳት።
አመስግናኝ ሄደች።»

ሳሉ መጣበት። እኔ ቃል ፍለጋ
ኮዳዬን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ።
«በሕይወት አለች?» አልኩ።

«ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች።
ለአዛውንት ነጻ ነው ብላትም፣ ትኬት ትቆርጣለች።
የምትገባውም በወዲህኛው ነው፤ በዚያኛው ገብታም አታውቅ።
ዳቦ በማርማላታ ትይዛለች፤ ለሁለት ትገምሰዋለች፤
ብዙ አናወራም።
ሲመሻሽ፣ ‹ሄንድሪክ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?› ትለኛለች፤
እነግራታለሁ።»

ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ጎኔ የተቀመጠች ተማሪ፣
ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ፣
አናቴን አየች፣ ሣቀች፤ ሳታስፈቅደኝ
እርሳሱን ከፀጉሬ ነቀለችው። ረስቼው ኖሯል።
የቤት ሥራዋን ቀጠለችበት።
«ሰባት ጊዜ ስምንት?» አለችኝ።
«አምሳ አራት» አልኳት፣ በልበ ሙሉነት።
ጻፈችው። ቀና ብላ አየችኝ።
በላጲሱ አጠፋችው።