ሠላሳ አንድ ሰዓት

ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ብሎክ ሰማንያ ሦስት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
በእምነት የምትባል ልጅ መጣች በታብሌት።
ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ደረጃው ነው።
ማክሰኞ ሌሊት ከቀዳሁት ውሃ ሰጠኋት።
(መቅዳቱ ይቆጠር አይቆጠር እስካሁን አልገባኝም።)

«ጥናት ነው» አለችኝ፣ «ስም አይጻፍበትም፤
ትክክል ወይ ስህተት የሚባል መልስ የለም።
እስቲ ባለፈው ሳምንት፣ በቀን፣ በአማካይ፣
ስንት ሰዓት ሄደ አባትዎ ላይ?»

አባቴ ላይ!
እንደ ቤት ኪራይ፣ እንደ መብራት ሂሳብ።

ማጠብ ስል ጻፈች። ማጉረስ ስል ጻፈች።
ለአንድ መድኃኒት ሦስት ፋርማሲ ስላት ቀና ብላ አየች፤
«እሱ ጉዞ ውስጥ ነው» ብላ አሻገረች።
ግን ሌሊት ዘጠኝ ላይ ሳሉ ድንገት ሲያቋርጥ፣
እንደገና እስኪስል ለግድግዳው ጆሮ ስሰጥ፣
የቱ ሣጥን አለሽ ይህንን የሚውጥ?
የፈረሰው ቤታችን ቁልፍ ጠፋኝ ሲለኝ፣
በቀን አሥሬ፣ «ኪስህ ውስጥ» የምለው፣
(እውነትም እዚያው ነው፤
በሩ ነው የሌለው)
እያንዳንዱ መልስ ስንት ሰከንድ ነው?

ብቻ ተስማማንና ስምንት ሰዓት አልን።
ሥራዬን ዘጠኝ፤ መንገዱን አምስት፣
ከዚህ እስከ መርካቶ፣ ሰልፉ ጭምር ማለት፤
ማብሰል ማጽዳቱን አራት፤ እንቅልፍ፣ ሌላ አምስት።
ታብሌቱ ቀላ።
«ሠላሳ አንድ መጣ» አለችኝ ተጨንቃ፣
«ከሃያ አራት በላይ አይቀበልም በቃ።
ከአንዱ ላይ እንቀንስ?»
«ቀንሺ» አልኳት።
«ከየቱ?»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።
ስልኳን ገልበጥ አድርጋ ሰርቃ አየች፤
የሆነ ቦታ እናት ይኖራት ይሆናል፣ እኔ ምን አውቄ።

ያኔ ከመስኮቱ ሥር አባዬ፦
«እኔንም ጻፊኝ እንጂ!
አሥራ ሁለት ሲሆን እዚህ እቀመጣለሁ።
የመጀመሪያው ባስ ይመጣል፣ የለችበትም።
ሁለተኛው ይመጣል፣ የለችበትም።
ኮቴዋን ደረጃው ላይ ካልሰማሁ አልተኛም።
ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል፣ በየቀኑ እኮ ነው!
ልጄን የምጠብቃት እኔ ነኝ፣ እኔው።»

በእምነት ጣቷን ከመስታወቱ አነሳች።
«ለእሱ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጥያቄ የለንም።»
ከእንቅልፌ ሦስት፣ ከአባዬ አራት ቀነሰች፤
አረንጓዴ ሆነ። አመስግና ወረደች።

ኮቴዋ እስኪጠፋ አባዬ አዳመጠ።
«ስመኝ መጣች እንዴ?» አለኝ በሩን ስዘጋ።
«መጥታለች» አልኩት።
ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፉን አገኘው።