ቁጥር አሥራ ሰባት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚች ጠባብ ሱቄ
ፊት አውቃለሁ አልኩኝ፣ ምላጬን ታጥቄ።
የቱ አገጭ ይቆጣል፣ የቱ ጉንጭ ይደማል፣
ፂሙ ወዴት ዞሮ ወዴት ይጠመማል፣
ማን ሌሊት አልቅሶ፣ ማን ሲጠጣ አደረ፣
ሁሉም ለዚህ ጣቴ ሲናገር ነበረ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣
ዓሣ የጫኑ ባጃጆች ከአሞራ ገደል ሲወጡ፣
ከዩኒቨርሲቲው ልጆች ሳጥን ይዘው መጡ።
"ዋሪቴ እባላለሁ፣ ጥናት ላይ ነኝ" አለች፤
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስተር ግንባሬ ላይ ጣለች፤
ጉንጬ ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ፣ አገጬም አልቀረ፤
ጠርዙን ይዛ ስትልጠው ትንፋሼ ታሰረ።

"ፊትዎ ላይ" አለችኝ "የሚኖሩ አሉ፤
በዓይን የማይታዩ፣ ከሐዋሳ ሕዝብ በቁጥር የሚያይሉ።"
"ቀበሌ ያውቃል ወይ? መታወቂያስ አላቸው?
ኪራይ ሳይከፍሉኝ ስንት ዓመት ሆናቸው?"
ሳቀች። "ይከፍላሉ፤ በዘበኝነት ነው፤
ክፉውን ተባይ ከደጅ የሚመልሰው
የእነሱ መንጋ ነው።"

በሦስተኛው ሳምንት ታብሌት ይዛ ተመለሰች፤
ፊቴን ከፈተችው።

ፊት አይደለም።
ሌሊት ከታቦር ላይ ቁልቁል ሲያዩት
መብራቱ የፈሰሰ ከተማ ነው።
ቅባት የሚወዱት በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆነው ተጨናንቀዋል፤
ግንባሬ አረንጓዴ፤ አገጬ ሰማያዊ፣ ሰው የራቀው ሰፈር።
ሁለቱ ዓይኖቼ ብቻ አልተለኩም፤
ሁለት ጨለማ፣ ማታ ማታ እንደ ሐይቁ።

"የድሮው መሣሪያ እነማን እንዳሉ ይቆጥር ነበር" አለች፤
"ይሄ ግን ማን የት ጉድጓድ እንደሚያድር፣
ከማን ጋር እንደሚጎራበት ያሳያል።"
ጣቷ ግራ ጉንጬ ላይ ቆመ።
"እነዚህ የእርስዎ ወገን አይመስሉም።
ሌላ ሰው ላይ አሉ። አንድ ዘር፣ ቁርጥ።
ባልና ሚስት ላይ ነው እንዲህ የሚገጥመው፤ ወይ ወንድማማች ላይ።
ስም አልናገርም። ቁጥር አሥራ ሰባት ነው።"

ያንን ፊት ከፊቴ ጎን አስቀመጠችው።
ዓይን የለው፣ ስም የለው፣ ቀለም ብቻ።
ግን አገጩ ላይ፣ ከከንፈሩ በታች፣
ቀለም ያልነካው ቀጭን ክር አለ።
"ጠባሳ ነው፤ ላብም ቅባትም የለው፣ አይሰፍሩበትም" አለች።

ያን ክር አውቀዋለሁ።
ያረስኩት እኔ ነኝ።

ሌዳሞ። የልጁ ሠርግ ጠዋት።
"ጠጥተሃል!" አለኝ፣ ፎጣው ደም ጠግቦ፤
ሚዜው በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ዙሪያውን ከብቦ።
አልጠጣሁም ነበር።
እጄ ነው፤ ያን ሰሞን መንቀጥቀጥ ጀመረ።
ፀጉር ቆራጭ ሆኖ እጁ ራደ ከሚባል፣
ሰከረ ቢሉኝ ይሻላል
ብዬ ዝም አልኩኝ፤ ዝምታው አራት ዓመት ሞላው።
ዛሬ ከመናኸሪያው ጀርባ በሌላ ሰው ምላጭ ይላጫል፤
መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወደ ሐይቁ ያያል፣
እኔ ወደ ስልኬ።

ለእነዚያስ፣ ከጉንጬ ሥር ላሉት፣
ኩርፊያችንን ማን ይንገራቸው?
ሃያ ዓመት ጉንጭ ለጉንጭ ሰላም ስንባባል የተሻገሩ ናቸው፤
አሁንም ይዋለዳሉ፤
ልጆቻቸውን በማን ስም እንደሚጠሩ እንጃ።

"ያውቁታል እንዴ?" አለችኝ ዋሪቴ።
"ደንበኛ ነበረ።"
"ነበረ" ያልኩትን አልጻፈችውም።

በማግስቱ መስታወቱ ፊት ሳሙናውን አረፋ አድርጌ
ግራ ጉንጬ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።
(ተንቀጠቀጠ። እሱንም አልክድም።)
ግማሽ ፊቴን ሳልታጠብ ሱቄን ከፈትኩ።

ባጃጆቹ ከአሞራ ገደል እየወጡ ነበር፤
በመጨረሻው ውስጥ አንድ ሰው መረብ ታቅፎ ተቀምጧል፤
አገጩን ለማየት ርቆብኛል።