የቆመው እግር

ሦስተኛ በረኛ ነበርኩ፤ የተጠባባቂ ተጠባባቂ፣
ጓንት አድራቂ፣ ኳስ ነፊ፣ ከመረቡ ኋላ ጠባቂ።
ስለ ነጂብ አባፊጣ የማውቀው ከወሬ አይደለም፤
በመዳፌ ነው የማውቀው፤ ከመዳፍ የሚሰወር የለም።

አሥራ አራት ዓመት ሮጠ በግራው መስመር ጠርዝ ላይ፤
ኖራው በጭቃ ተበልቶ ድንበሩ እንኳ ሳይታይ፣
እሱ ግን ያውቀው ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጫማ፤
ዝናብ የሻረውን መስመር እግሩ ያሰምር ነበር ለጅማ።

ከጅሬን በኩል ደመናው ተንከባሎ ወርዶ ሲጥል፣
«ነጂቤ!» ይላል ጥላ የለሹ ጎን፣ ላስቲክ ተከናንቦ ሲዘል።
እሱም ይልካታል ኳሷን፣ ከፍ አድርጎ፣ አጣሞ፣
ለሌላ ሰው ግንባር፣ ለሌላ ሰው ስም፣
ለሌላ ሰው ጭብጨባ ደግሞ።
የራሱ ጎል አሥራ አንድ ነው። በአሥራ አራት ዓመት፣ አሥራ አንድ።
የቀረው የሌሎች ጎል ነው፤ የእሱ የነበረው መንገድ።

ደመወዝ ሁለት ወር ዘግይቶ፣ ከሜዳ ውጭ ተጫውተን፣
በጊቤ ዳገት አውቶቡሱ ሲያቃስት፣ ሁላችን ተኝተን፣
የነጂብ ግራ እግር ብቻ ወንበር ሥር ያሻማ ነበር።

ግንቦት ነው፤ አወይቱ ሞልቶ ድልድዩን የላሰ ሰሞን።
ማንም አልነካውም።
ሊያሻማ ሲል ቀኝ ጉልበቱ እርጥቡ ሣር ላይ ዞረ።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይጮህ ስለነበር
ድምፁን የሰማነው እሱና እኔ ብቻ ነን።
በቃሬዛ ስናወጣው ክንዴን ጨብጦ፣ «ደረሰች?» አለኝ።
ኳሷን ነው።
«ደረሰች» አልኩት።

ከዚያ ሦስት ዓመት ባጃጅ ነዳ፣ ከአጂፕ እስከ ሂርማታ፤
ፍሬን በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ እየተንገላታ።
«ነጂብ አይደለህ እንዴ?» ሲሉት በኋላ መስታወት አይተው፣
«እሱስ ወንድሜ ነው» ይላል፣ መልሱን እየቆጠረላቸው።

ክለቡ አንድ ቀን ጠራው፦ «የአጥቂዎችን ምት አሠልጥን»።
መናኸሪያው ሁሉ ሳቀ፤ «ምነው፣ ሰው ጠፋ እንዴ አሁን?
አሥራ አንድ ጎል ያለው ሰውዬ ጎል ሊያስተምር?» ተባለ።
አንድ ጣሳ ኖራ ይዞ እያነከሰ መጣ፤ ምንም አላለ፤
ከየኳሷ ጎን፣ ሣሩ ላይ፣ አንዳንድ የጫማ ቅርፅ ሣለ።

«እዚህ ቁሙ» አለ፤ «መምታቱን እናንተም ታውቁበታላችሁ።
የሚመታው እግር ጉረኛ ነው፤ ፎቶ ላይ እሱን ታያላችሁ።
ኳሷን የሚልካት ግን ይኼ ነው፣ መሬት የያዘው፣ የቆመው፤
እሱ አድራሻ ካልጻፈበት ደብዳቤው ወዴት ነው የሚሄደው?»

ሙዘይን የሚባል ልጅ ነበር፣ ከሰቃ የመጣ፣ ጉልበታም፤
ኳሱ አጥር ዘሎ ጣራ ይመታል እንጂ መረብ አይነካም።
ነጂብ ሳምንት ሙሉ ኳስ ነፈገው።
በአንድ እግር አቆመው፣ እንደ ሽመላ።
ሰኞ ወደቀ። ማክሰኞ ሁላችንንም ሰደበ።
ዓርብ ዕለት ዝናብ ደበደበው፤ ቆመ።

ቅዳሜ ኳሷን ሰጠው።
መታት።
እኔ አላየኋትም፤ መዳፌ ነው ያየው።
ጣቶቼን ወደ ኋላ አጥፋ አለፈች፣ መረቡ ውስጥ ተኛች።
ቆዳዬ ላይ የቀረው ግለት የሙዘይን አልነበረም፤
የነጂብ ነበር፣
በአሥራ አራት ዓመት አንዴም መትቶት የማያውቀው ምት።

ሲመሽ ኳሶቹን ከረጢት ስንከት፣
ኖራውን በጫማው እየጠረገ፣ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀኝ፦
«ያቺ የግንቦቷ ኳስ... አልደረሰችም፣ አይደል?»
ዘጠኝ ዓመት የያዝኳት ውሸት ከእጄ ሾልካ ወደቀች።
«አልደረሰችም።»
«አውቄው ነበር» አለ፤ «የቆመው እግር አልነበረም።»

ቀኝ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።
የቀረችውን አንዲት ኳስ ወረወረልኝ፤ ያዝኳት።
«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት» አለ፣ «ዝናብ ቢሆንም።»