የሉድቪክ ሰዓት

ቤታችን ጎማ አለው፣ መሪና ፍሬን አለው፣
ዳገት የሚያስለው፣ ቁልቁለት ደስ የሚለው።
ጠረጴዛው ታጥፎ አልጋ ሲሆን ይመሻል፣
አልጋው ጠረጴዛ ሲሆን ደግሞ ይነጋል።

እህቴ የውብዳር፣ ነጂዋ እሷ ናት፤
ዳር ዳሩን ትላለች፣ ስሟ እየመራት።
ከኑረምበርግ ወጥተን፣ ባሕር ልናይ ብለን፣
ስሎቬንያ ላይ ነው ወጥ ጥደን የቀረን፦
ሽንኩርቱ ሳይቀላ ጋዛችን አለቀ፤
እሷ ተሳደበች፣ ክዳኑ ወደቀ።

ለአንድ ሲሊንደር ስንል ካውራ ጎዳናው ወጣን፤
ግርብች ወደምትባል ትንሽ ከተማ መጣን።
(አራቱም ፊደሏ ሳድስ፣ አንድ ራብዕ የላትም፤
ስሟን ለመጥራት አፍ መክፈት አያሻም።)

አደባባዩ ጭር። ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል።
የእሳት አደጋው መኪና ጋራዡ ደጅ ይታጠባል።
ቀና ስል ከማማው ሁለት ሰዓት ይላል፤
«ሁለት ሆኗል» አልኳት። «አዎ» አለች፣ «መሽቷል።»
ጥቂት ተራመድን።
እኩል ቆመን ቀረን።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ አህጉር ስንኖር፣
ስድስት ስንቀንስ፣ ስድስት ስንደምር፣
በኛ አቆጣጠር የሚሄድ ማማ አይተን አናውቅም ነበር።

«እሱን አትመኑት» አሉን፣ ከአግዳሚው ላይ፣
በተሰባበረ ጀርመንኛ፣ ቀና ሳይሉ ወደ ላይ፣
ሰዓቱን የሚሞሉት አዛውንት፣ ሉድቪክ።
«መብረቅ ነው የመታው፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤
ስድስት ሰዓት ሙሉ ወደኋላ ጣለው።
መሄዱን ይሄዳል፤ ማስተካከያው ጥርስ
ረግፏል፣ እንደኔ፤ ቢነኩት የሚፈርስ።
ሦስት ጊዜ በጀት ተያዘለት፤ አንዱን ድልድዩ በላው፣
አንዱን የእሳት ፓምፑ፣ ሦስተኛውን እንጃ፣ ምክር ቤቱ ይወቀው።»

«አልሳተም» አለች የውብዳር።
«በኛ አገር ሰዓት መቆጠር የሚጀምር
ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለ
በእኩለ ሌሊት ቀን ጀመረ የሚል ማን አለ?»

ሉድቪክ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።
«ስንት ናችሁ?» አሉ፣ «በዚህ የምትኖሩ?»
«ከመቶ ሚሊዮን በላይ።» ባርኔጣቸውን አነሡ፤
ማማውን አዩና ከአግዳሚው ተነሡ፤
«እኛ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ነን፣ ከነሕፃናቱ፤
በድምፅ ብልጫማ፣ ልክ ነው ሰዓቱ!»

ሲሊንደር አመጡ ከገዛ ምድጃቸው፤
ሽንኩርቱ ቀላ። ምስሩን አቋደስናቸው።
ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ፊታቸውን አዞሩ፤
«በርበሬው ነው» አሉ። እንዲህ ነው፣ አልን፣ ሲጀምሩ።

ጠዋት ስንለያይ ሦስት ሊሞላ ነበር።
ከማማው እግር ሥር መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ድልድዩ ሲያመር
«እዪ!» አለች፣ ፍሬን ያዘች፣ የውብዳር።
በመኪናው መስተዋት፣ ግራው ከቀኝ ተለዋውጦ፣
ሦስት ላይ የነበረው መርፌ ዘጠኝ ላይ ተቀምጦ፣
የሉድቪክ ሰዓት ይታያል፤
የአገሩን ሰዓት ይላል።

ዞሬ በመስኮት አየሁት፦ ሦስት።
በመስተዋት፦ ዘጠኝ። አንዲት ደቂቃ፣ ያለ መቀነስ፣ ያለ ስድስት።
ከዚያ ትልቁ መርፌ ዘለለ፣ ሁለቱም ተለያዩ፤
ጡሩምባ ነፋብን የዳቦ መኪና፣ ዞር በሉ ከድልድዩ።