አንጁሎ ሲቀመጥ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ባልተገጠመበት፣
ነፋስ ከእርሻው ተነስቶ መስኮቴ ላይ በሚያድርበት፣
አንድ እጅ ልስል ተቀምጬ ሦስት ሌሊት ነጋብኝ።
የራሴን ግራ እጅ እንዳልስል፣ ስስለው ኖሬ ሰለቸኝ፤
ደግሞስ የኔ እጅ ምን ያውቃል፣ እርሳስ ከመጨበጥ በቀር?
ያነሳው የለ፣ የጣለው የለ፣ ጅማቱ አፍ አውጥቶ የማይናገር።

ስልኬን ከፈትኩ፤ የሌሊት ጥቅል፣ ርካሹን ገዛሁ።
«ሸክም ያጎበጠው ሰው» ብዬ ጻፍኩ፣ ጠበቅሁ።
መጣ ሺህ ጀርባ፣ ሺህ ባት፣
ሺህ የክርን አጥንት፣ ሺህ አንገት፤
ከየግርጌው ግን አንዲት መስመር፣ ቀጭን፣ የጉንዳን ሰልፍ፣
«መብቱ በሕግ የተጠበቀ» የምትል፣ ዓይን ሳያያት የምታልፍ።
የአንዳንዱም ደረት ላይ የባለቤቱ ስም አግድም ተጋድሟል፣
በሬ ታፋ ላይ እንደተተኮሰ ምልክት፣ ማን ይፍቀዋል?

በነጻ ውሰዱ የተባሉትም፣ ሳሉ ሽጡ የተባሉት፣
ቅባት የጠጡ ገላዎች ናቸው፣ ጡንቻን በመስታወት ፊት ያበቀሉት፤
ብረት አንስተው እዚያው የሚያስቀምጡ፣
የኛን ሰፈር ዳገት በጀርባቸው ይዘው ያልወጡ።

«ማን ያይሃል? ዝም ብለህ ሳል» ይለኛል ጎረቤቴ ታምሬ።
እኔ ግን አንዴ ታይቻለሁ፣ ያውም ገላን ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፍሬ።
የልብስ ሰፊ ታፔላ ነበር፤ ከሰው ስልክ ያገኘሁትን ፎቶ
ቀሚስ አልብሼ ሰቀልኩት፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ አብርቶ።
በሳምንቱ አንዲት ሴት ከታክሲ ወርዳ ቆመች ከሥሩ።
«ይቺ እኔ ነኝ» አለች። ዝም አለ መርፌው፣ ዝም አለ ክሩ።
አልጮኸችም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ፣
«ጠባሳዬን እንኳ የት ጣልከው?» ብላ ጠየቀችኝ።
ነጭ ቀለም ገዝቼ በራሴ እጅ ደፈንኳት፤
ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲያጥበው፣ ከነጩ ሥር ብቅ ስትል አየኋት።

አቃቂ ወረድኩ፣ ጋሽ ሽመክት ዘንድ፣ ከድሮው ፎቶ ቤት።
የጫማ ካርቶን ሙሉ ሰው አለው፤ ሙሽራው፣ ወታደሩ፣ ሕፃን ከነእናት፤
በየፖስታው ጀርባ ቀንና «ቀሪ ሁለት ብር»፣
ይመጣሉ ብሎ ሠላሳ ዓመት ከአይጥ ሲከራከር።
«ፎቶው የኔ፣ ይኸው ፈቀድኩ» አለ መነጽሩን እየጠረገ፤
«መልኩ ግን የነሱ፤ እነሱን ጠይቅ።» ክዳኑን መልሶ አደረገ።
ግማሾቹ አፈር ናቸው፤ የቀሩትስ የት ናቸው?
ሁለት ብር እንኳ አላገኛቸው።

ስለዚህ ውል ጻፍኩ፣ በሁለት ቅጂ፣ እንደ ወጉ፣
«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው…» እስከ ማዕረጉ።
ኮዬ በኩል ሕንጻ ይሠራል፤ አንጁሎ ብሎኬት ያወጣል፤
ሦስት ሌሊት የፈለግሁት እጅ የብሎኬቱን ጠርዝ ጨብጧል።
አነበብኩለት። ከትከሻው ሳያወርድ ሰማኝ።
«በፎቶው ውስጥ ይሄ ብሎኬት አለ?» ሲል ጠየቀኝ።
«አለ።»
«እስከ መቼ?»
«ሥዕሉ እስካለ።»
ያኔ አወረደው። አቧራውን አራገፈና እንዲህ አለ፦
«የቀን ሠራተኛ ነኝ ወንድሜ፤ ሲመሽ አወርዳለሁ።
ያንተ ወረቀት ላይ ማታ የለም፤ እንዴት እፈርማለሁ?»

ምን መልስ አለው? ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ፣
«ሸክም ይዞ» የሚለውን ሰረዝኩት፣ ካለበት ፈልጌ፤
«ቁጭ ብሎ ብቻ» ጻፍኩበት።
ፈረመ፤ አንዲት «አ»፣ እንደ ሰው ሁለት እግር ያላት።

የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁት።
የግማሽ ቀን ሒሳቡን ቆጥሬ ሰጠሁት፤
«ትርፍ አለው» ብሎ ዐሥር ብር መለሰልኝ።

አሁን ሌሊት ነው፤ መብራት የለም፤ ከስልኬ ብርሃን ሌላ ምን አለኝ፣
ጀርባውን ጨረስኩ፣ ጉልበቱን ጨረስኩ፤ እጁ ግን አስቸገረኝ፦
ጭኑ ላይ አርፏል፣ ባዶ ነው፣ ውሉም ይህንኑ ይላል፤
ጣቶቹ ግን አልተዘረጉም፣
የብሎኬት ውፍረት ያህል ተከፍተው ቀርተዋል።