የ«ን» ነገር

ሞላሌ። ስምንተኛ «ለ»። የከሰዓት ፈረቃ።
የኋላው መስኮት መስታወቱ ረግፎ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፤
ነፋስ ሲመጣ ይተነፍሳል፣ ሲሄድ ይሞታል።
ሰባ ሁለት ልጅ፣ ሃያ አንድ መጽሐፍ፣
አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆኖ በብርድ ምክንያት ብቻ የሚተቃቀፍ።

እኔም ጠመኔ ይዤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣
«ተሳቢ ማለት…» እላለሁ፣ ጽፌ፣ መልሼ አጥፍቼ።
መጽሐፉ «ገበሬው በሬውን ጠመደ» ይላል፤
ገበሬውም በሬውም ቤታቸው አሉ፤ ማን ይደነቃል?
ሲገለብጡ እሰማለሁ፤ ሲሰሙ ግን አልሰማም፤
ቃል ከአፌ ወጥቶ ደብተር ላይ ይወድቃል፤ አይደማም።

አንድ ቀን ሞከርሁ፣ «ተረት ተረት» ብዬ፣
እንደ ጡት ልጅ ሁሉ በድምፄ አባብዬ።
«የላም በረት» የሚለኝ ጠፋ፤
ጢሙ ያቆጠቆጠው ሁሉ በአፍንጫው ሳቀ፣ ከኋላ አንዱ አንኮራፋ።

ሰኞ ግን አረፈድሁ።
ደመወዝ ልቀበል ደብረ ብርሃን ሄጄ
ሲሚንቶ በጫነ አይሱዙ በሌሊት ተመለስሁ።
ክፍል ስገባ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ፣
ጠመኔዬ በኪሴ ሟሙቶ፣ አልቆ፣ በቃ።
ይቅርታ ልል ነበር፤ ምክንያቱ ቀደመኝ፦

«ጣርማ በር ላይ ጎማ ፈነዳ። ብርዱ አንዘፈዘፈኝ።
ሾፌሩ ጋሽ ድፋባቸው የእጅ ባትሪ ይዞ ወረደ፤
ብርሃኑ ሁለት ክንድ ተራምዶ እንደ ፈሪ ሰው ተንገዳገደ።
እኛ ጋቢና ውስጥ፣ አንገታችንን ቀብረን፣
ክሪኩ ሲንቋቋ እንሰማለን። ዝም አለ። ዝም አልን።
ከዚያ ትንፋሽ መጣ፤ የሰው የማይመስል፤
ሾፌሩን ጅቡ…» ስል
ደጅ የተሰቀለው ቸርኬ ኳ! ኳ! ሲል።

ማንም አልተነሣም። ደብተር አልታጠፈም።
በማዳበሪያው ከረጢት እንኳ ነፋስ አላለፈም።
«ከዚያስ፣ ቲቸር?»
ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት
ምንይሻው ነበር፤ ያ አንኮራፋ ያልሁት።
«ነገ» አልሁ። እግዜር ይየኝ፣ ትንፋሹ የጎማ ነበር፤
ሁለተኛው ጎማ ሲተነፍስ፤ ጅቡ የአፌ ፍጡር።

ሌሊቱን በባና ተጠቅልዬ «የት ላድርሰው?» ስል አደርሁ፤
በአሥራ ሁለት ዓመቴ ለነገ ክፍል ስጓጓ ያን ቀን ብቻ ነው፤ አፈርሁ።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፍሁ፦
«ሾፌሩን ጅቡ በላው።»
«ጅቡን ሾፌሩ በላው።»
ዞር አልሁ። ጠበቅሁ።
«ሰው ጅብ ይበላል እንዴ?» አለች የሻረግ፣ «ያውም በጾም!»
«ታዲያ ሾፌሩ ይሙት?» ክፍሉ ችሎት ሆነ፤ ቁጭ የሚል የለም።
ምንይሻው መጣ። አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ
«ን»ን ከሾፌሩ ጫፍ እንደ እሾህ አውጥቶ
ወስዶ ጅቡ ላይ ሰካት። «በላው»ንም አጠፋ።
«ሾፌሩ ጅቡን አየው።»
ቀድሞ ያየ ይተርፋል፣ ማለቱ ነው።
ሰባ ሁለት ሰው በአንዴ ተነፈሰ። ያቺ የደረቀች ፊደል!
ከቃል ጫፍ ተንጠልጥላ ሰው ስታድን፣ ሰው ስትገድል።

የትምህርት ዕቅዴ ላይ፣ «የዕለቱ ዓላማ» ከሚለው ፊት
«ጋሽ ድፋባቸውን ማዳን» ብዬ ጻፍሁ፤ ርእሰ መምህሩ ሳያነቡ ፈረሙበት።

የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ «ን» ያለባት አንዲት ዓረፍተ ነገር፣
ከመጽሐፍ ሳይሆን ከየቤታችሁ፣ የምታስቸግር።
የምንይሻው ደብተር አንዲት መስመር ናት፦
«አባቴን ጠበቅሁት።»

ቀይ እስክሪብቶዬ ሄደ፣ መጣ፣ ቆመ።
ስሕተት የላትም። ተሳቢው ፊት ለፊት ነው፤
ባለቤቱ ግን በግሡ ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ከረመ።

ሲወጡ ክንዱን ያዝሁት።
«ከዚያስ?» አልሁት።
ደብተሩን በፌስታል ጠቀለለ፤
ጭጋጉ ሜዳውን ይዞታል፤ አየው፤
«ነገ፣ ቲቸር» አለ።