ሦስተኛ ማዕረግ

ፀሐይ ሳትጨክን፣ ገና በማለዳ፣
ሽርጤን አገልድሜ ገባሁ ወደ ጓዳ።
ጓዳ ስል ቆርቆሮ ነው፣ ከኒሟ ሥር ያለ፣
አንድ ሞርሳ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰው የቻለ።
ከአዛን ጋራ ነቅቼ ሥራዬን ጀምሬ
እስከ ሁለት ሰዓት ንጉሥ ነኝ በድሬ፤
ከዚያ ወዲያ ሂሳብ ያዥ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣
ቀኑን ሙሉ የማይዳሰስ ነገር ስለካ።

መላጊያው የኔ አይደለም፤ የጋሽ ጉሌድ ነበር፤
አርባ ዓመት ልጎበታል ለምድር ባቡር።
ራቦ ይለው ነበር በሸሚኖ አፉ፤
ፒያላ ይሉታል በደጄ የሚያልፉ፤
እኔ መላጊያ አልሁት። እሱ ግን ለሦስቱም
አንድ ነው መልሱ፤ ሽሽሽ... ቋንቋ አይመርጥም።
እጀታው ላይ አውራ ጣቱ ቦይ ቀዶ ነበረ፤
የኔ ጣት አልገጠመም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሞከረ።
ስለቱን በድንጋይ ስዬ በክንዴ ጸጉር እፈትናለሁ፤
ቢሮ «ምን ነካህ?» ሲሉኝ እጅጌዬን አወርዳለሁ።

ጎረቤቴ ሙክታር ባለ ማሽን ነው፤ የኔን ሳምንት
ቁርስ አድርጎ ይበላዋል በሩብ ሰዓት።
መብራት ሲሄድበት ይመጣል አጥሬ ድረስ፤
«አንተማ ምን አለብህ!» ይለኛል፤
«አለብኝ» እላለሁ፣ ወገቤን ስዳስስ።

ዛሬ ሞርሳው የያዘው አንድ ሳንቃ
ከአሮጌ ባቡር ነው፣ የሐራጅ ዕቃ፤
የሦስተኛ ማዕረግ መቀመጫ ነበረ፣
ሦስት የብሎን ቀዳዳ ከጎኑ የቀረ።
ለልጄ ለኢክራም ጠረጴዛ ላወጣ
ከዳር ጀመርሁ መላግ። መጀመሪያ ጥላሸት መጣ፣
ቀጥሎ አረንጓዴ ቀለም፣ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣
ከዚያ ሽታ፤ የዘይት፣ የላብ፣ የተምር፣
አንዱን ግን ስሙን አላውቀውም።
ድንገት ብረቱ ቧጠጠ፤ ጅማቱ ዞሮ ኖሮ፣
ልቤ ቀድሞኝ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ አድሮ።
«እንጨት ድመት ነው» ይል ነበር ጋሽ ጉሌድ ሲቆጣ፣
«ከራስ ወደ ጅራት ዳብሰው፤ ጥፍሩን እንዳያወጣ።»

ገለበጥሁት። ከሆዱ፣ ከዛገ ምስማር ሥር፣
ቀጭን ነገር ተጣብቋል፤ ቀይ፣ የድሪያ ክር።

ቆምሁ።

እናቴ በዚህ ሐዲድ ሃያ ዓመት ተመላልሳለች፤
ደወሌ ላይ ጭና ድሬ ላይ አራግፋለች።
ከመቀመጫው ሥር ጨርቅ አስራ፣ ከላይ ተቀምጣ፣
እንደ ድንጋይ ጸጥ ትላለች ፈታሽ ሲመጣ።
«ምን ይዘሻል?» ሲላት፣ ቀና ሳትል ከምድር
«የታመመ እግሬን» ብላ ትመልስለት ነበር።
እኔም ሂሳብ የተማርሁት በዚያ ጨርቅ ነው፣
የትኛውም መዝገብ በማያውቀው።

የሷ ክር ነው አልልም፤ ስንቷ ሴት ሄዳለች፣
ስንቷ እዚህ ሳንቃ ላይ ትንፋሿን ውጣለች።
ያልላግሁትን ግማሽ በመዳፌ ብዳብሰው
ከላግሁት ይልቅ እሱ ልስልስ ያለ ነው።
ለካ ሲላግ ኖሯል፣ ያውም ያለ ብረት፤
በስንት እናት ቀሚስ፣ በስንት ፍርሃት።

መላጊያውን በጎኑ አጋደምሁት።

ኢክራም መጣች፣ ዳቦ በእጇ፣ እንቅልፍ በዓይኗ ይዛ፤
«አባ፣ አላለቀም እንዴ ይሄ ጠረጴዛ?
ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር፤ ለምን አልጨረስህም?»
«ያኛው ወገን» አልሁ፣ «ከኔ በፊት አልቋል፤ አልነካም።»

የሙክታር ማሽን ጮኸ፤ መብራት መጣ ማለት ነው።
ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሽርጤን ፈትቼ ሰቀልሁት።

ቢሮ፣ መዝገቤን ስከፍት፣ ከጸጉሬ ጠብ አለ
አንድ ፍቅፋቂ፣ ቀለበት የመሰለ።
ገቢ ልበለው? ወጪ?
ማራገቢያው እንዳይወስደው
በመዳፌ ጋረድሁት።